መጀመሪያ ቁረጡ፣ ከዚያ አሳንሱ፦ ፎቶን በታዘዘው ልክ የማዘጋጀት ዘዴ

ሰሞኑን አንድ አባት ከኩታበር መጥተው ሱቄ ገቡ። በእጃቸው አራት ጉርድ ፎቶ ይዘዋል። ሌላ ቦታ ያሠሩት ነው። ተቀብዬ አየሁት። ፊታቸው ወደ ጎን ተንጣሏል፤ አገጫቸው አጥሯል፤ የጠመጠሙት ሻሽ ተደፍጥጧል። «ልጄ፣ እስቲ እየው፤ ይሄ እኔን ይመስላል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አይመስልም። «አብሽሩ አባባ፣ ዋናው ፎቶ ካለ ይስተካከላል» አልኳቸው። ዋናው የልጅ ልጃቸው ስልክ ላይ ነበር። ሥራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

እኔ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቶ አነሳለሁ፣ አትማለሁ፣ ፎርም እሞላለሁ። እንዲህ የተጎተተ ፎቶ ሳላይ የማልፈው ሳምንት የለም። በጥሩ ብርሃን፣ በጥሩ ካሜራ የተነሣ ፎቶ በመጨረሻዋ ደቂቃ ሲበላሽ ያሳዝነኛል። ሰው በገዛ መታወቂያው ላይ ራሱን መምሰል አለበት። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፈው። ኮምፒውተር ያለውም፣ ስልክ ብቻ ያለውም ይጠቀምበታል።

ሁለቱ ሥራዎች ምንና ምን ናቸው?

መቁረጥ፣ ብዙዎቻችን «ክሮፕ» የምንለው፣ ከፎቶው ጠርዝ ላይ ማስወገድ ነው። የተቆረጠው ይጠፋል። የቀረው ግን እንደነበረ ይቆያል። ፊት አይጠብም፣ አይሰፋም።

መጠን መቀየር፣ «ሪሳይዝ» የምንለው፣ ሌላ ነው። ምንም ነገር ከጠርዝ አይጣልም። ሙሉው ፎቶ በሌላ የነጥብ ብዛት እንደገና ይሠራል። ነጥቦቹ ፒክስል ይባላሉ። ወርዱና ቁመቱ እኩል በሆነ መጠን ከተቀነሱ ፎቶው ያንሳል እንጂ መልኩ አይለወጥም። አንዱ ከሌላው አብልጦ ከተቀነሰ ግን ፎቶው ላስቲክ ላይ እንደተሳለ ሥዕል ይጎተታል።

የኩታበሩን አባት ፎቶ ያበላሸው ይኸው ነው። ስልኩ ሙሉ ስክሪን እንዲያነሳ ተደርጎ ነበር። ይህ 9 በ 16 የሚባለው ረጅም ቅርጽ ነው። ለምሳሌ 2250 ፒክስል ወርድ እና 4000 ፒክስል ቁመት እንበል። ጉርድ ፎቶ ደግሞ 3 በ 4 ነው። ሠሪው ሳይቆርጥ 354 በ 472 ፒክስል፣ ማለትም የ3 በ 4 ሴንቲሜትር ልክ፣ ብሎ አዘዘው። ወርዱ ለ6.4 ገደማ ተካፈለ፤ ቁመቱ ለ8.5 ገደማ። ቁመቱ አብልጦ ስለተቀነሰ የአባባ ፊት ከሚገባው ቁመት ሩቡን አጣ። ሩብ ቀላል አይደለም። የሰው መልክ ከዚያ ባነሰም ይለወጣል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ፎቶውን ወደሚፈለገው ቅርጽ ቁረጡ፣ ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ወደሚፈለገው ቁጥር አሳንሱ። ቀሪው ጽሑፌ በሙሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

«ሳይዙ ስንት ነው?» ስትሉ ሰው የተለያየ መልስ ይሰጣችኋል። አንዱ ሴንቲሜትር ይነግራችኋል፣ ሌላው ፒክስል፣ ሌላው ኪሎባይት። ሦስቱ አንድ አይደሉም። ፒክስል ፎቶው ስንት ነጥብ እንዳለው ነው። ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ሲታተም የሚይዘው ቦታ ነው። ኪሎባይት ደግሞ ፋይሉ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ውስጥ የሚወስደው ቦታ ነው። ፎርም ላይ «ከ200 ኪሎባይት ያልበለጠ» የሚል ብቻ ካያችሁ ፎቶውን በፒክስል መጨፍለቅ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ጄፔግ በሚባለው የተለመደ የፎቶ ፋይል ዓይነት አስቀምጦ ጥራቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ብቻ ይበቃ ይሆናል።

ሴንቲሜትር ከተሰጣችሁ ወደ ፒክስል መቀየር ቀላል ነው። ሴንቲሜትሩን ለ2.54 አካፍሉ፣ በ300 አባዙ። 300 ማለት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው፤ ለጥሩ ሕትመት የሚበቃ ነው። 3 ሴንቲሜትር 354 ይሆናል፤ 4 ሴንቲሜትር 472። ለሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው 3.5 በ 4.5 ደግሞ 413 በ 531 ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ፋይሉ ላይ 72 ወይም 300 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ፎቶውን ለኢንተርኔት የምትልኩት ከሆነ ይህ ቁጥር ምንም አያደርግም። 600 ፒክስል ያለው ፎቶ፣ 72 ቢጻፍበትም 300 ቢጻፍበትም፣ ያው 600 ፒክስል ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ሲታተም ብቻ ነው።

አሠራሩ በኮምፒውተር

ዊንዶውስ ላይ ምንም ተጨማሪ ነገር ሳትጭኑ መሥራት ትችላላችሁ። 600 በ 600 ተጠየቃችሁ እንበል።

1. ዋናውን ፎቶ ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ሥሩ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። ቆርጦ በዋናው ላይ «ሴቭ» ያለ ሰው የተቆረጠውን አያገኘውም።

2. ኮፒውን «ፎቶስ» በሚለው ፕሮግራም ክፈቱና «ኤዲት»፣ ከዚያ «ክሮፕ» በሉ። የቅርጽ ዝርዝር ይመጣል። ካሬውን ምረጡ። ዝም ብላችሁ ጠርዙን በእጅ አትጎትቱ፤ በዓይን ካሬ የመሰለው 610 በ 588 ሆኖ ይገኛል።

3. ሳጥኑን ሰውየው ላይ አስተካክሉና ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

4. አሁን «ፔይንት» ውስጥ ክፈቱት። ኮንትሮል እና ደብሊው አብራችሁ ተጫኑ። «ሪሳይዝ» የሚል ሳጥን ይከፈታል። «ፒክስል» የሚለውን ምረጡ። ወርዱና ቁመቱ አብረው እንዲሄዱ የሚያስረው ምልክት እንደበራ ይሁን። እንግሊዝኛው «ሜንቴይን አስፔክት ሬሾ» ነው።

5. ወርዱ ላይ 600 ጻፉ። ቁመቱ ላይ እጃችሁን አታሳርፉ። ራሱ ይሙላ።

ራሱ 600 ብሎ ከሞላ ጨርሳችኋል። 800 ብሎ ከሞላ ግን ፎቶው ካሬ ሆኖ አልተቆረጠም ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ምልክቱን ያጠፋና በጉልበት 600 ይጽፋል። ፊት የሚጎተተው በዚች ሰከንድ ነው። ምልክቱን አታጥፉ። ወደ ቁጥር 2 ተመለሱና እንደገና ቁረጡ። በማጠጋጋት ምክንያት 599 ወይም 601 ከመጣ ብቻ አጥፍታችሁ ብታስተካክሉት ችግር የለውም፤ አንድ ፒክስል ዓይን አያየውም።

ዝርዝሩ ውስጥ የምትፈልጉት ቅርጽ ከሌለ «ጊምፕ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። የመቁረጫ መሣሪያው ላይ «ፊክስድ» የሚለውን አብሩና 3:4 ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ እንዴትም ብትጎትቱ ሳጥኑ ከ3 በ 4 አይወጣም። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ «ኢሜጅ» ውስጥ «ስኬል ኢሜጅ» አለ። እዚያ በወርዱና በቁመቱ መካከል የሰንሰለት ምልክት ታያላችሁ። ሰንሰለቱ የተቆለፈ ይሁን።

ፎቶሾፕ የምትጠቀሙ የስቱዲዮ ልጆች ሁለቱን ሥራ በአንዴ ትሠሩታላችሁ። መቁረጫው ላይ 3 ሴንቲሜትር፣ 4 ሴንቲሜትር፣ 300 ብላችሁ ከሞላችሁ ቆርጦም አሳንሶም ይሰጣችኋል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። የመረጣችሁት ቦታ ትንሽ ከሆነ ፕሮግራሙ ሳይነግራችሁ አጉልቶ ቁጥሩን ይሞላል። ፎቶው ለምን ደበዘዘ ብላችሁ ካተማችሁ በኋላ ትገረማላችሁ። ከመቁረጣችሁ በፊት የተመረጠው ቦታ ስንት ፒክስል እንደሆነ እዩ።

ስልክ ብቻ ካላችሁ የስልካችሁ ጋለሪ ራሱ መቁረጫ አለው። የቅርጽ ምርጫውን ፈልጉ፤ 1:1፣ 3:4፣ 16:9 የሚሉ ቁጥሮች ናቸው። ቅርጹን በስልክ መቁረጥ ይቻላል። ትክክለኛውን ፒክስል መሙላት ግን በኮምፒውተር ይቀላል። ቆርጣችሁ ካመጣችሁ ለማሳነሱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ጉርድ ፎቶ እና ዲቪ

የስልክ ካሜራ በተለመደው ሁኔታ ላይ ሲሆን የሚያነሳው 3 በ 4 ነው። 12 ሜጋፒክስል የሚያነሳ ስልክ ቆሞ ሲያነሳ 3000 በ 4000 ይሰጣል። ጉርድ ፎቶም 3 በ 4 ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ሙሉ ስክሪን የሚለውን ትታችሁ 3 በ 4 ላይ ካነሣችሁ ቅርጹ ቀድሞ ተስተካክሏል። የሚቀረው ሰውየው መሐል ላይ በበቂ መጠን እንዲታይ ዙሪያውን በዚያው ቅርጽ ማጥበብ ብቻ ነው።

ስታነሱ ግን ራቅ በሉ። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቃችሁ ቁሙ። ተጠግታችሁ ካነሣችሁ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ይሸሻል። ይህን ደግሞ በመቁረጥም በማሳነስም መመለስ አይቻልም። ሰፋ አድርጋችሁ ካነሣችሁ ከጭንቅላት በላይና ከትከሻ ጎን ቦታ ይተርፋል። የሚተርፈው ቦታ የመቁረጫ መላወሻችሁ ነው። ጥግ ድረስ ሞልቶ የተነሣ ፊት ይዞ ለሚመጣ ሰው ልረዳው የምችለው ነገር ትንሽ ነው።

ስታትሙ 10 በ 15 ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ስምንት ጉርድ ይገባል። አራት በአግድም፣ ሁለት በቁመት። 12 በ 8 ሴንቲሜትር ይይዛል፤ ለመቀስ የሚሆን ክፍተትም ይተርፋል።

የአሜሪካ ዲቪ እና ቪዛ ፎቶ ጥብቅ ነው። ካሬ፣ ጄፔግ፣ ትንሹ ልክ 600 በ 600፣ ፋይሉ ከ240 ኪሎባይት ያልበለጠ። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ያውቃል። የሚረሳው የጭንቅላቱን ልክ ነው። ከአገጭ እስከ ጭንቅላት ጫፍ ያለው ቁመት ከፎቶው ቁመት ከ50 እስከ 69 በመቶ መሆን አለበት። በ600 ፒክስል ሲሰላ ከ300 እስከ 414 ማለት ነው። ዓይኖቹ ደግሞ ከታች ሲለኩ ከ56 እስከ 69 በመቶ ላይ ይዋሉ፤ ከ336 እስከ 414 ፒክስል።

ይህን በግምት አትሥሩት። እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። በዋናው ፎቶ ላይ ከአገጭ እስከ ጭንቅላት ጫፍ ስንት ፒክስል እንደሆነ እለካለሁ። ፔይንት ውስጥ መምረጫውን ስትጎትቱ ቁጥሩ ከታች ይታያል። 1100 ሆነ እንበል። ጭንቅላቱ የፎቶውን 60 በመቶ እንዲይዝ ስለምፈልግ 1100ን ለ0.6 አካፍላለሁ። 1833 ይመጣል። ስለዚህ 1833 በ 1833 የሆነ ካሬ እቆርጣለሁ። ያንን ወደ 600 ሳሳንሰው ጭንቅላቱ በትክክል 360 ፒክስል ይሆናል። ከዚያ ሳጥኑን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ዓይኑን ቦታው ላይ አደርሳለሁ። 60 በመቶን የመረጥሁት ከሁለቱም ድንበር ስለሚርቅ ነው።

እግረ መንገዴን፣ መነጽር አይፈቀድም። በሃይማኖት ምክንያት በየቀኑ የሚለበስ ሂጃብ ወይም የራስ መሸፈኛ ይፈቀዳል፤ ፊት ግን ከአገጭ እስከ ግንባር ጥላ ሳያርፍበት መታየት አለበት። ሂጃብ ያደረገች ልጅ ስትመጣ ጭንቅላቷን የምለካው በግምት ነው፤ የጨርቁን ጫፍ ከወሰድሁ ፊቷ ከሚገባው በላይ ያንስብኛል። ፎቶውን ቆርጦ ማስተካከል ይቻላል። መልክን በፕሮግራም ማሳመር፣ ጠባሳ ማጥፋት፣ ቆዳ ማቅላት ግን ፎቶውን ውድቅ ሊያስደርገው ይችላል።

መቁረጥ የሚጎዳበት ጊዜ

እስካሁን መቁረጥን አሞግሼዋለሁ። ሁልጊዜ ግን አይሆንም።

አንድ ወጣት ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛውን አንስቶ መጣ። ትዝታ ቀርጸው ዩቲዩብ ላይ ሊጭኑ ነው፤ ቪዲዮው ሳይከፈት የሚታየውን የፊት ምስል ይፈልጋሉ። ለዚህ የተለመደው ልክ 1280 በ 720 ነው፤ ቅርጹ 16 በ 9 ነው። ፎቶው ስልኩ ቆሞ የተነሣ ነው፤ 3000 በ 4000። ከዚህ 16 በ 9 ስትቆርጡ ወርዱን በሙሉ ብትይዙ እንኳ ቁመቱ 1687 ብቻ ይሆናል። ከፎቶው ከግማሽ በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ፊቱን ከያዝን የማሲንቆው ሆድና የመቃኛው ጫፍ ተቆርጠው ይሄዳሉ። ማሲንቆውን ከያዝን ተጫዋቹ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። ማሲንቆ የሌለው የማሲንቆ ተጫዋች ምን ይሠራል?

እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ቦታ መጨመር። ፎቶውን ሳትቆርጡ ቁመቱ 720 እስኪሆን አሳንሱት። ወርዱ 540 ይሆናል። 1280 በ 720 የሆነ ባዶ ገበታ ክፈቱና ፎቶውን በአንዱ ጎን ለጥፉበት። በሌላው ጎን 740 ፒክስል ባዶ ቦታ ይተርፋል። እዚያ የዘፈኑንና የድምፃዊውን ስም ጻፉ። ጀርባውን ከፎቶው ላይ በወሰዳችሁት ቀለም ሙሉት። እኛ የጋቢውን ጥለት ቀለም ወሰድን፤ አማረ። ከታች በቀኝ ጥግ ግን ጽሑፍ አታስገቡ። ዩቲዩብ የቪዲዮውን ርዝመት የሚያሳየው እዚያ ላይ ስለሆነ ጽሑፋችሁን ይሸፍነዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሲነሣ ስልኩን ማጋደም ነበር። ተጋድሞ የተነሣ 4000 በ 3000 ፎቶ ወደ 16 በ 9 ሲቆረጥ 4000 በ 2250 ይቀራል። የሚጣለው ሩቡ ብቻ ነው። ፎቶው የት እንደሚውል አስቀድማችሁ ካወቃችሁ ግማሹን ሥራ ሜዳ ላይ ጨርሳችሁ ትመጣላችሁ።

የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስም ጥሩ ትምህርት ነው። ከላይ ቆማችሁ ስታዩት አራቱ ክንፎቹ እኩል የሆኑ መስቀል ነው። ለካሬ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። ፕሮፋይል ብታደርጉት፣ ኢንስታግራም ላይ 1080 በ 1080 ብትለጥፉት ያምርበታል። ለሰፊ ባነር ብላችሁ ከላይና ከታች ከቆረጣችሁት ግን መስቀሉ ይጠፋል፤ የቀረው ቀይ የድንጋይ ግድግዳ ይሆናል። ለባነር የምትፈልጉት ከሆነ ስታነሱ ዙሪያውን ያለውን አለትና ጉድጓድ አብራችሁ አስገቡ። የባቲ ሰኞ ገበያ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ግመሉ፣ ሰው፣ ቀለሙ ሁሉ በአግድም የተዘረጋ ነው። ካሬ ውስጥ ስታስገቡት ገበያነቱ ይቀንሳል፤ ሰፊ ቅርጽ ላይ ግን ይኖራል።

የሠርግ ፎቶ ላይ ደግሞ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። የስልክ ፎቶ 4 በ 3 ነው። 10 በ 15 ወረቀት ግን 3 በ 2 ነው። ሳትነግሩት ሲታተም ማሽኑ ራሱ ቆርጦ ይሞላዋል። ከ3000 ፒክስል ቁመት 333ቱ ይሄዳል፤ አሥራ አንድ በመቶ። ሚዜዎች ከኋላ ቆመው፣ ፎቶው ከላይ ጠበብ ብሎ ከተነሣ፣ የረጅሙ አጎት ግንባር በዚያ አሥራ አንድ በመቶ ውስጥ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ፎቶ ስታሳትሙ «ሳይቆረጥ፣ በነጭ ጠርዝ ይሁንልኝ» በሉ። ፎቶው ወረቀቱ ላይ 13.3 በ 10 ሴንቲሜትር ይይዛል። የሚቀረው 1.7 ሴንቲሜትር ነጭ ነው። ነጩ ጠርዝ ማንንም አይጎዳም፤ የተቆረጠ አጎት ግን ለዘመድ አይነገርም።

ክብ እና ሰፊ ቦታዎች

ቴሌግራም ላይ የፕሮፋይል ፎቶ ካሬ ሆኖ ይገባና ክብ ሆኖ ይታያል። አራቱ ማዕዘኖች ይሸፈናሉ። ከካሬው ሃያ አንድ በመቶ ያህሉ ይጠፋል ማለት ነው። የሱቃችሁን ስም ጥግ ላይ አታድርጉ። ማዕዘን የሚነካ ነገር አይኑር፤ ፊት ወይም አርማ መሐል ላይ፣ ዙሪያው ክፍት።

የፌስቡክ ከቨር በኮምፒውተር 851 በ 315 ሆኖ ይታያል። በጣም ሰፊና አጭር ነው። የጦሳን ተራራ ከደሴ ጋር በአንድ ላይ ለሚያሳይ ፎቶ ይመቻል። አይጠየፍ አዳራሽን ፊት ለፊት ላነሣም ይመቻል። ነገር ግን በስልክ ስታዩት ቅርጹ 640 በ 360 ይሆናል፤ ስለዚህ ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል። አብዛኛው ሰው ደግሞ የሚያየው በስልክ ነው። ዋናውን ነገር መሐል ላይ አድርጉት፤ ጎኑ ሰማይና ተራራ ብቻ ይሁን።

ማጉላት፣ እና የድሮ ፎቶ

ይህ ክፍል ልቤን የሚነካኝ ነው። አንድ ሰው የሞተ አባቱን ፎቶ ይዞ ይመጣል። 20 በ 30 ሴንቲሜትር አትሞ በፍሬም ሊሰቅለው ነው። ያለው ከቴሌግራም የወረደ፣ ከሰው ሰው የተላለፈ ትንሽ ፎቶ ነው። ቁጥሩን መሙላት ይቻላል። 2362 በ 3543 ብላችሁ ብትጽፉ ፕሮግራሙ እሺ ይላል። የሌለውን ግን አይፈጥርም። በሁለት ነጥቦች መካከል ገምቶ ሌላ ነጥብ ያስገባል እንጂ የዓይን ሽፋሽፍት ከየትም አያመጣም። ውጤቱ ትልቅ፣ የደበዘዘ ፊት ነው።

መጀመሪያ የምጠይቀው «ወረቀት ላይ የታተመ የለም ወይ?» ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ አለ። ሳጥን ውስጥ፣ በድሮ መታወቂያ ላይ፣ ከቁርዓን ወይም ከዳዊት ገጽ መሐል። አንድ የ3 በ 4 ጉርድ ፎቶ እንኳ ትልቅ ሀብት ነው። ስካነሩን በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ላይ አድርጋችሁ ስታነሡት 1417 በ 1890 ፒክስል ይሰጣችኋል። 20 በ 30 ቅርጹ 2 በ 3 ስለሆነ ከጎንና ከጎን ትንሽ ይቆረጣል፤ 1260 በ 1890 ይቀራል። የሚቆረጠው አሥራ አንድ በመቶ ሲሆን ከትከሻው ጫፍ የሚሄድ ነው። ሲታተም በአንድ ኢንች 160 ነጥብ ይሆናል። 300 አይሞላም፤ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከአንድ ሜትር ተኩል ሲታይ ጥሩ ነው። የወረቀቱ ፎቶ ራሱ የደበዘዘ ከሆነ ግን ስካነሩን ከዚህ በላይ ከፍ ማድረግ አቧራና ጭረት ብቻ ያጎላል። ያኔ 20 በ 30ን ትታችሁ 13 በ 18 አሳትሙ። ትንሽ ግን ጥርት ያለ ፊት ቤት ውስጥ የበለጠ ደስ ይላል።

ስካነር ከሌላችሁና በስልክ የምታነሱት ከሆነ ፎቶውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ። ስልኩ ከላይ ቀጥ ብሎ ይሁን። ስልኩ ካዘነበለ ፎቶው እንደ በርጩማ እግር ከአንዱ ጎን ይጠባል፤ ከዚያ በኋላ የምትቆርጡት ሁሉ ዘመም ያለ ይሆናል።

ማስቀመጥ እና መላክ

ጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይጎዳል። ቆርጦ ሴቭ፣ አሳንሶ ሴቭ፣ እንደገና ከፍቶ ሴቭ ማድረግ ይደመራል። በአንድ ጊዜ ቆርጣችሁ፣ አሳንሳችሁ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ አስቀምጡ። በፎቶስ እና በፔይንት መካከል የምትመላለሱ ከሆነ የመሐሉን «ፒኤንጂ» በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀምጡት፤ እሱ አይጎዳም። የመጨረሻውን ብቻ ጄፔግ አድርጉ። ጥራት የሚጠይቅ ፕሮግራም ከሆነ 85 ወይም 90 በቂ ነው። 600 በ 600 የሆነ ጉርድ በዚህ ጥራት አብዛኛውን ጊዜ ከ240 ኪሎባይት በታች ይሆናል። ካለፈ ጥራቱን ወደ 80 ዝቅ አድርጉት እንጂ ፒክስሉን አትንኩ።

ፋይሉን ስትሰይሙ ልኩን ጻፉበት። «አባባ_ዋናው»፣ «አባባ_3በ4»፣ «አባባ_600»። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ፎርም ሲመጣ ከየትኛው መጀመር እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። ሁልጊዜ ከዋናው ጀምሩ። 600 የሆነውን ወስዳችሁ ወደ 1200 አታሳድጉ።

ሲላክ ደግሞ ጉዳት አለ። ቴሌግራም ላይ ፎቶውን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል፣ ያምቀዋል። የማያያዣዋን ምልክት ተጫኑና «ፋይል» የሚለውን መርጣችሁ ላኩ። የተቀበለው ሰው የፎቶውን ዝርዝር ከፍቶ ፒክስሉን ይይ፤ እናንተ ጋ 3000 በ 4000 ከሆነ እሱም ጋ 3000 በ 4000 መሆን አለበት።

የኩታበሩን አባት ፎቶ የልጅ ልጃቸው መጀመሪያ እንደ ፎቶ ነበር የላከልኝ። ደውዬ በፋይል አስላክሁት። ከረጅሙ ፎቶ ላይ ከላይና ከታች ቆርጬ 3 በ 4 አደረግሁት፣ ወደ 354 በ 472 አሳነስሁት። ከሻሻቸው ጫፍ በላይ ጣት የምታህል ክፍተት ትቻለሁ። ስምንቱን አትሜ በፖስታ ስሰጣቸው አንዷን አውጥተው ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ አሉና «አዎ፣ አሁን እኔ ነኝ» አሉ።